በእንቅልፍ ልቤ የሰጠሁት ቃል

እንቅልፍ አጥቶ የማያውቅ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ይተወውና ሄዶ ጋደም ይበል። አልቀየመውም፤ እቀናበታለሁ እንጂ። እኔ የምጽፈው ሌሊቱን ሙሉ ኮርኒስ ኮርኒሱን እያየ ለሚያነጋው ወገኔ ነው። በእኔ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ዝናብ ያስገባው ሰባት እድፍ አለ። ስድስቱ ተራ እድፍ ናቸው። ሰባተኛው ግን ቁርጥ የድሮ ርዕሰ መምህሬን ይመስላል፤ ያረፈድኩ ይመስል ሌሊቱን ሙሉ ቁልቁል ሲያፈጥብኝ ያድራል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በመንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ዳር ላይ ቤት፣ ትንሽ የገብስ ማሳና አሥራ አንድ በጎች አሉኝ። ጡረታዬን ካስከበርኩ ወዲህ ግን ዋናው ሥራዬ ሽምግልና ነው። በእኛ አካባቢ ወንድ ልጁን ለመዳር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። በርኖሴን ደርቤ፣ ከዘራዬን ተደግፌ የሴት ልጅ አባት ፊት ከቆምኩ መልስ ሳላገኝ አልመለስም። ዝምተኛውን አባት አናግሬያለሁ፤ ቁጡውን አስቄያለሁ። አንዱማ ጠዋት ውሻ ለቆብን ማታ መርቆ ሸኝቶናል። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ለደረሰብኝ ጣጣ ይህ ሙያዬ ዋናው ተጠያቂ ስለሆነ ነው።

ታዲያ አንድ እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ወደ እኔው ቤት መጣ። እኔና ባለቤቴ ዘነቡ ወንዶቹን ልጆቻችንን ድረን ሸኝተን፣ ቤት የቀረችን ስመኝ ብቻ ናት። እዚሁ ሞላሌ ታስተምራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠያቂው ሙሉጌታ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። ልጁን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በጎቼን ስንት ጊዜ እንደመረመረልኝ አልነግራችሁም። በመንዝ ምድር እንደ እኔ በጎች ጉሮሯቸው የታየላቸው፣ ጥርሳቸው የተመረመረላቸው በጎች አይገኙም። አንዱም ታሞ አያውቅም። እኔ ሞኙ ይህን ሁሉ የመንግሥት ትጋት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ሳመሰግነው ነበር።

ችግሩ ልጁ የራቤል ሰው መሆኑ ነው። ዝውውር ጠይቆ ወደ አገሩ ሊገባ ነው። ራቤል ለመድረስ ከሞላሌ መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ ደግሞ ሌላ መኪና ተይዞ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ አንጀት ተንጦ ነው። ይህን ሳስብ አፌ በራሱ ጊዜ፣ "ዘመድ ላማክርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አለ። ይህ ወግ ነው፤ ማንም አባት መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይላል። ሲመለሱ ግን፣ "አጎቷ ራቅ ያለ አገር ሄዷልና ይምጣ" አልኩ። አጎቷ ማዶ ገብሱን እያረመ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ከሩቅ እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚመላለሰው ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው መልስ ካጣ ከዘራውን ያነሳል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ስመኝ ለእኔ ምንም አላለችኝም። ለእናቷ ግን፣ "ከሙሉጌታ ሌላ አላገባም፤ አባዬንም አስቀይሜ አልሄድም" ብላለች። እኔም ይህን በሰማሁበት ሌሊት እንቅልፌ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

እንዲህ ስል የእንቅልፌ መሄድና የልጅቷ ነገር ተያይዘው እንዳይመስላችሁ። በጊዜው ጥፋተኛው ትራሱ ነበር። ትራሱን ቀየርኩ። ከዚያ አልጋው ነው ብዬ የራስጌውን ወደ ግርጌ አዞርኩ፤ ዘነቡ በጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ አፍንጫዋ ሥር እግሬን አገኘች።

"አንተ ሰውዬ፣ ትራሱ ምን አደረገህ? አልጋውስ ምን በደለህ?" አለችኝ። "ልጅቷን ስጥና ተኛ!"

"እሱና ይሄ ምን አገናኘው?" አልኳት። ሴቶች ሁሉን ነገር ማገናኘት ይወዳሉ።

ወሬው ሞላሌን ለመዞር አንድ የገበያ ቀን በቃው። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት ያላዘዘልኝ ሰው የለም። አንዷ ጎረቤት ትኩስ ወተት በማር አለች፤ ጠጣሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስወጣ ስገባ አደርኩ። አንዱ እግርህን በሙቅ ውሃና በጨው ታጠብ አለኝ፤ ንጹሕ እግር ይዤ ነቅቼ አደርኩ። ጓደኛዬ፣ "አንድ መለኪያ አረቄ ብቻ" አለኝ። አረቄው እውነትም አስተኝቷል፤ ጓደኛዬን። እኔ ስጠብቀው አነጋሁ።

የነፍስ አባታችን ቄስ ኃይሌ፣ "ዳዊት ድገም፤ ገና ሦስተኛው መዝሙር ላይ እንቅልፍ ይጥልሃል" አሉኝ። መቶ ሃምሳውንም ጨረስኩት። ጠዋት ብነግራቸው ዓይናቸው በደስታ ሞላ፤ "እግዚአብሔር ለጸሎት መርጦሃልና እንቅልፉን አትመኘው" ብለውኝ ሄዱ።

ከሁሉ የባሰው ግን ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሜ ነው። ስልክ ደውሎ፣ "ፈረንጆች እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው በግ ይቆጥራሉ አሉ፤ ለምን አትሞክረውም?" አለኝ። ልብ በሉ፤ ፈረንጅ የሚቆጥረው የሌለውን በግ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የራሴን በጎች ከነመልካቸው፣ ከነአመላቸው አንድ በአንድ በሐሳቤ ከበረት አሳለፍኩ። አሥር ሆኑ። ደገምኩ፤ አሥር። ቀንደ ቆልማማዋ የለችም! ብድግ ብዬ ባትሪ አብርቼ በረት ገባሁ፤ እውነትም የለችም። ዘነቡ ተነሳች፣ ስመኝ ተነሳች፣ ጎረቤት ዱላ ይዞ ወጣ። ስንፈልግ፣ ስንጣራ ነጋ። በጓ ለካ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታችን በጎች ጋር ተቀላቅላ ገብታ፣ እሱ ዱላ ይዞ ከእኛ ጋር ሲፈልጋት እሷ እሱ በረት ውስጥ እያመሰኳች ነበር። በማግስቱ መላው ሰፈር በእኔ ምክንያት ዓይኑ ቀልቶ ዋለ። ወንድሜ ደውሎ "ተኛህ?" ሲለኝ የመለስኩለትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

ሌሊት የነሳኝን እንቅልፍ ደግሞ ቀን ይከፍለኝ ጀመር፤ ቦታ ሳይመርጥ። ከባዱ ጭጋግ በወረደበት አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘሁትን ጎረቤት ባርኔጣዬን አንስቼ፣ እንዴት አደሩ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ እያልኩ ደኅንነቱን በሰፊው ጠየቅኩ። ጭጋጉ ገለጥ ሲል የተጫነች አህያ ሆና ተገኘች። እውነቱን ለመናገር ከብዙ ሰው ይልቅ በትዕግሥት ነው የሰማችኝ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠው ሐዘንተኛ ትከሻ ላይ ወደቅኩ። ሰዉ፣ "ሟቹን እንዲህ ይወዳቸው ኖሯል!" ብሎ ውሃ ረጨኝ። ሟቹን በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ባያቸው ነው።

የቀበሌው ስብሰባ ላይ የሆነውንም ልንገራችሁ። አገጬን ከዘራዬ ላይ አስደግፌ ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው፣ "ለእርከን ሥራው ኮሚቴ ፈቃደኛ ሰብሳቢ ማነው?" ሲል ራሴ ከከዘራው ተንሸራቶ ዱብ አለ። እንደ እሺታ ተቆጠረልኝ። የነቃሁት በጭብጨባ ነው። ይኸው እስከዛሬ ሰብሳቢ ነኝ፤ በነቃሁበት ጊዜ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ተኝቼ የተሾምኩበት ይሻላል ይባላል።

ስመኝ ይህን ሁሉ ስታይ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝና ውጭ ቆመች። ባለሙያው ልጅ እግር ነው፤ ረጋ ያለ።

"የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ፣ አባቴ?" አለኝ።

"ምንም የለም።"

"ልጆች አሉዎት?"

"አሉኝ፤ ሁሉም ደኅና ናቸው።"

"በቅርቡ ከቤት የሚወጣ ሰው አለ?"

"ስማ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለእንቅልፍ ነው ወይስ ለሕዝብ ቆጠራ?" ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ግን አልተቆጣም። ምክሩን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ ከሰዓት በኋላ ቡና እንዳልጠጣ፣ ቀን እንዳልተኛ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት እንድነሳ፣ መጨረሻ ላይም የሚያሳስበኝን ነገር ከቤተሰቤ ጋር እንድነጋገርበት። የመጨረሻውን መስመር ዓይኔ ደክሞ ስለነበር አላነበብኩትም። እንዴት አወቅኸው እንዳትሉኝ።

በእነዚያ ቀናት ሽልብ ባደረገኝ ቁጥር አንድ ሕልም ይመጣብኝ ነበር። ጥርሴ ይወልቃል። ጥርስ መውለቅ በእኛ አገር ደግ ሕልም አይደለም፤ የእኔ ጥርስ ግን ወልቆ መዳፌ ላይ አልተቀመጠም። ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ስጠራው ዞር ብሎ፣ "ስደርስ እደውላለሁ" አለኝ። ለቄስ ኃይሌ ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ይህን ሕልም ለመፍታት ቄስም አያስፈልግ" አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም ብዬ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ የሚመጡበት እሑድ ደረሰ። ሌሊቱን ለሽማግሌዎቹ የምነግራቸውን ምክንያት ስደረድር ስላደርኩ ለአፍታም ዓይኔ አልተከደነም። ትምህርቷን ልትቀጥል አስባለች፣ እናቷ ወገቧን ያማታል፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ሰው አያፍርም፤ ሦስቱንም በቃሌ አጥንቼ ነበር።

ገቡ። አምስት ናቸው፤ ቄስ ኃይሌን ዳኛ ይሁኑን ብለው ይዘዋቸው መጥተዋል። አፋቸው ሆነው የሚናገሩት ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ ከራቤል የመጡ፣ አንድ ቃል ተናግረው ሁለተኛውን እስኪያመጡ ድረስ ገብስ ደርሶ የሚታጨድባቸው፣ በጣም የተከበሩ ሰው። እንደ ወጉ "ተቀመጡ" አልኩ፤ እንደ ወጉ "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ዘነቡ ያቀረበችውን ዳቦና ጠላ ዞረውም አላዩት። እነሱ ቆሙ፤ እኔ የበግ ጠጉር ዝተት የተነጠፈበት መደብ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። በበሩ የገባችው የጠዋት ፀሐይ እግሬ ላይ አረፈች።

"እንግዲህ..." አሉ ጋሽ ተክሌ። "እግዚአብሔር... አዳምን በፈጠረው ጊዜ... ብቻውን መሆኑ... መልካም እንዳልሆነ አየና..."

ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ደረሰች።

"...ከባድ እንቅልፍ... ጣለበት።"

እኔም ላይ ጣለብኝ።

በሕልሜ ቆሜያለሁ። እንደ ልማዴ ከቆሙት ወገን ነኝ፤ በርኖሴን ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ። ፊት ለፊቴ አንድ አባት መደብ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አይታየኝም፤ ግን ግትርነቱ ያስታውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን አሸንፌያለሁ! ደሜ ሞቀ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ጀመርኩ።

"ጌታው፣ ሁለት ጊዜ መልሰውናል። አልተቀየምንም፤ ልጅ የሚሰጥ ሁሉ መጀመሪያ ይግደረደራል። ነገር ግን ልጁን እኔ አውቀዋለሁ። የማንም ሰው በግ ምጥ ያዛት ሲባል በዝናብ፣ በውርጭ ተነስቶ የሚሄድ ልጅ ነው። ለሰው በግ እንዲህ የሚሆን ሰው ለሚስቱ ምን ሊሆን ነው? መንገዱ ይርቃል አሉን። እርስዎ ወጣት ሳሉ ለሠርግ ድግስ ስንት ቀን በእግርዎ ተጉዘዋል? ትምህርቷ አሉን። ራቤል ትምህርት ቤት የለም? የእናቷ ወገብ አሉን። የእናቷን ወገብ የሚያማት እርስዎን አልጋ ሙሉ ሲገላበጡ እየተሸከመች ነው!"

ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ ተመቻቸ። ንዴቴ መጣ። ከዘራዬን መሬት ላይ መታሁና፣ "ሌላ ሰበብ ካለዎት ይናገሩ! ከሌለዎት ግን አንድ ነገር ይንገሩን፤ ልጅቷ ምን በደለችዎ?" አልኩ።

በዚህ ጥያቄ ነቃሁ። ዓይኔን አልገለጥኩም እንጂ ነቅቻለሁ። የመጨረሻዋ ቃል ገና አፌ ላይ ናት፤ ያን ሁሉ ጮክ ብዬ የተናገርኩት እኔው ነኝ።

"ሰውዬው..." አሉ ጋሽ ተክሌ። "ተኝተዋል... ወይስ እያነጋገሩን ነው?"

"ተኝተዋል እኮ!" አለ አንዱ። "እኛ የምንለውን ሁሉ ጨርሰው አሉት።"

"የተኛ ሰው ቃል አይያዝም" አለ ሌላው።

"ነቅተው ሁለት ጊዜ ዋሽተውናል" አለ ሦስተኛው። "እውነት ሲናገሩ ዛሬ ገና መስማታችን ነው።"

ሁሉም ወደ ቄስ ኃይሌ ዞሩ መሰለኝ፤ እሳቸው ሳል አደረጉ። "ሔዋን የተገኘችው አዳም ተኝቶ ሳለ ነው" አሉ። "ነቅተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ሆኖም የአባት ቃል ያስፈልጋል። ‘ሰጥቻለሁ’ ካላለ እኔ አልመርቅም።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አገሩ ሁሉ እስካሁን የሚያውቀው በእንቅልፍ ልቤ ልጄን እንደዳርኩ ነው፤ በዚህም ሲሳቅብኝ ይኖራል። የሆነውን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ዓይኔን ብገልጥ የሚቀጥለው የታወቀ ነው፤ "ምን ሆንኩ? ምን አልኩ?" እላለሁ፣ ያጠናኋቸውን ሦስት ምክንያቶች እደረድራለሁ፣ ጋሽ ተክሌም ከዘራቸውን አንስተው ይወጣሉ። ዓይኔን ገልጬ ሌላ ነገር ማለት እንደማልችል ራሴን አውቀዋለሁ። ከጓዳ መጋረጃ ኋላ ደግሞ ስመኝ ቆማለች። ትንፋሿን ይዛዋለች፤ ሕፃን ሆና ስንደባበቅ እንዲህ ትይዘው ነበር። መልቀቋን ጠበቅኩ፤ አልለቀቀችውም።

ዓይኔን አጥብቄ ጨፈንኩ።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ።

 ሌላ ልጨምርበት አስቤ አልነበረም፤ አንዴ ከተከፈተ አፌ አልዘጋ አለኝ።

"መንገዱ ሰበብ ነው። ማታ ማታ በሩን የምትዘጋው እሷ ናት። መወርወሪያውን ስታስገባ ይሰማኛል፤ ከዚያ ‘ደኅና ይደሩ አባዬ’ ትላለች፤ እኔ የምተኛው ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሆነኝ እንዲህ ስተኛ። እሷ ከሄደች እንዴት እንደምተኛ አላውቅም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈርቼ ነው።"

ጋሽ ተክሌ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። ከጓዳ ደግሞ የዘነቡ ድምፅ መጣ፤ እያለቀሰችም እየተቆጣችም ነው። "በሩን እኔ እዘጋዋለሁ! ለበር ብለህ ነው ይህን ያህል ቀን ያመስከን፣ አንተ ሰውዬ?"

ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ቄስ ኃይሌ ምርቃቱን ያዙ። እኔ እንደተኛሁ ነኝ። ምን ላድርግ? በዚያ ሁሉ መሐል አሁን ነቃሁ ብዬ ብነሳ ማን ያምነኛል? "አይቀስቀሱ፣ ስንት ቀናቸው!" እያሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይበሉ ጀመር። ረሃብ ሞርሙሮኛል፤ የዳቦው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ ውሸት ዋጋ እንደሚያስከፍል ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እውነት ኖሯል።

አንድ ሰው ቀስ ብሎ ወደ መደቡ መጣ። ጋቢ እግሬ ላይ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ፣ ከዚያ እስከ አንገቴ ድረስ ደረበልኝ። ስመኝ ናት። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

"እንደነቁ አውቃለሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሲያስመስሉ ግንባርዎ ይጨማደዳል። የእውነት ሲተኙ አይጨማደድም።" ጉንጬ ላይ ትኩስ ጠብታ አረፈ። "ሰምቻለሁ። አሁን ይተኙ፣ አባዬ።"

ግንባሬን ፈታሁት።